መርፌው ያልተሰማኝ ቀን

በሽታዬ የጀመረው ከግራ እጄ አመልካች ጣት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ኦክላንድ ካለው ቤታችን ጋራዥ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ኩዊልት የሚባል ብርድ ልብስ ጠርዝ በእጄ እሰፋ ነበር። ነጩ ገበር ላይ ቀይ ነጥብ አየሁ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ። ከክሩ የለቀቀ ቀለም መስሎኝ በአውራ ጣቴ ባሸው ተለቃለቀ። ደም ነበር። ጣቴን ገልብጬ ሳየው መርፌው አራት አምስት ቦታ ወግቶታል። አንዱም አልተሰማኝም።

ይህን የምጽፈው ጊያን ባሬ ሲንድሮም ለያዛቸው ሰዎችና ለአስታማሚዎቻቸው ነው። በታመምኩ ጊዜ ባለቤቴ ስለዚህ በሽታ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ፈልጋ ብዙም አላገኘችም። እኔ ሐኪም አይደለሁም። የደረሰብኝን ብቻ እንደ ደረሰብኝ አስቀምጣለሁ።

ታፈሰ እባላለሁ። ያኔ ስድሳ ሰባት ዓመቴ ነበር። ዕድሜዬን የጨረስኩት በቀያሽነት ነው፤ መንገድ ከመሠራቱ በፊት መሬቱን የሚለካው ሰው ማለት ነው። ጡረታ ስወጣ ባለቤቴ ሙሉ ገና ሥራ ላይ ስለነበረች ቀኑ ረዘመብኝ። አንድ ቀን ሰፈራችን ያለው ላይብረሪ መጽሐፍ ልመልስ ገብቼ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ሴቶች ጠረጴዛ ከበው ጨርቅ ሲቆርጡ አየሁ። ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ እየገጣጠሙ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ማዕዘኖቹን በዓይኔ ስለካ አስተማሪያቸው አዩኝ። ሚስ ኦፓል ይባላሉ፤ ሰማንያ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው ጥቁር አሜሪካዊት፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ወይ ግባ ወይ በሩን ዝጋው አሉኝ። ገባሁ።

ኩዊልት ሦስት ንብርብር ያለው ብርድ ልብስ ነው። ላዩ በቅርጽ በቅርጹ ከተቆረጠ ጨርቅ ይገጣጠማል፣ ከሥሩ ገበር አለው፣ መሃሉ ላይ ስስ የጥጥ ንጣፍ ይገባል። ሦስቱ አንድ ላይ ከተሰፉ በኋላ መጨረሻ ላይ ዙሪያው በቀጭን ጨርቅ ይጠረዛል። ስፌቱ ሁሉ ከጫፉ ሩብ ኢንች ገባ ብሎ መሄድ አለበት። አንዷ ቁራጭ ላይ የክር ውፍረት ያህል ብትስት፣ ስህተቱ እየተጠራቀመ ሄዶ ኮከቡ አይገጥምም። ይህ ለቀያሽ አዲስ ነገር አይደለም። በአንድ ወር ውስጥ ያገለገለ የስፌት መኪና ገዝቼ ጋራዡ ውስጥ አስቀመጥኩ።

ችግሩ አማርኛው ነው። በቁርጥራጭ የተሰፋ ጨርቅ በእኛ ቋንቋ ስሙ ድሪቶ ነው፤ ድሪቶ ደግሞ የሚለብሰው የቸገረው ሰው ነው። ሙሉ የመጀመሪያ ሥራዬን ስታይ፣ አርባ ዓመት አሜሪካ ተቀምጠህ ድሪቶ ልትሰፋ ነው ብላ ሳቀችብኝ። በኋላ እሷም ወደደችው። ለጓደኞቼ ግን አልተናገርኩም። ሳን ሆዜ ለሚኖረው ለግርማ በተለይ አልተናገርኩም። ግርማ የድሮ ወዳጄ ነው፣ ጡረተኛ የኤሌክትሪክ ኢንጂነር፤ ሰው ላይ መቀለድ ይወዳል። ደውሎ ምን እየሠራህ ነው ሲለኝ፣ ጋራዥ እያጸዳሁ ነው እለው ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ጋራዥ አጸዳሁ።

ያን ቅዳሜ ስለ ጣቴ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ብዙ መስፋት ያመጣው ነው አልኩ። እሑድ ጠዋት ሁለት ካልሲ ደርቤ የለበስኩ መሰለኝ፤ ጫማዬን አውልቄ ባይ አንድ ነው። የሸሚዜን ቁልፍ መቆለፍ አቅቶኝ ሙሉ ቆለፈችልኝ። ወገቤንም ያመኝ ነበር፤ እሱን በጋራዡ ወንበር አሳበብኩ። ሰኞ ጠዋት ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ ጉልበቴ ከዳኝና ወደቅሁ። ለመነሳት እጄን ወለሉ ላይ ባስደግፍ እጄም ከዳኝ።

ሙሉ ለቤዛ ደወለች። ቤዛ አንዲት ልጃችን ናት፤ ሳን ሆዜ ኮምፒዩተር ኩባንያ ውስጥ ትሠራለች። እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ፣ ሐሙስ ከዶክተሬ ጋር አፖይንትመንት አለኝ፣ እስከዚያ እንጠብቅ እያልኩ ተከራከርኩ። ቤዛ እዚህ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛ ትሰማለች እንጂ የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው።

«ዳዲ፣ ኖ። ማሚ፣ ኮል አምቡላንስ» አለችና መንገድ ጀመረች።

ሐሙስን ብጠብቅ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

የኢመርጀንሲው ሐኪም ጉልበቴን በጎማ መዶሻ መታኝ። እግሬ አልተነቃነቀም። ሌላኛውንም መታ። እሱም ዝም አለ። መዶሻውን ኪሱ ከተተና ባለፉት ሳምንታት ሌላ ሕመም ነበረብህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት አራት ቀን ሙሉ ተቅማጥ እንደነበረኝ ነገርኩት። ረስቼው ነበር። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከአከርካሪዬ ፈሳሽ ወሰዱ፤ ላምባር ፐንክቸር ይሉታል። እጅና እግሬ ላይ ሽቦ ለጥፈው በኤሌክትሪክ ነዝረው ነርቮቼን ፈተሹ። ከዚያ የነርቭ ሐኪሟ ዶክተር ሊን መጣች፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ጊያን ባሬ ይባላል» አለችኝ። «ሰውነትዎ የሆድ ሕመሙን ሲዋጋ ቆይቶ አሁን የራስዎን ነርቭ ጠላት ነው ብሎ እየመታው ነው። አብዛኛው ሰው ከዚህ ይድናል። ከመዳንዎ በፊት ግን ሊብስብዎ ይችላል። ሁለቱንም አብረው እንዲይዙልኝ እፈልጋለሁ።»

መድኃኒቱ አይቪአይጂ የሚሉት ነው፤ ደም ከሚለግሱ ሰዎች የሚጣራ፣ በሽታ የሚከላከል አንቲቦዲ ሲሆን በክንድ የደም ሥር አምስት ቀን ይንጠባጠባል። ያኔውኑ ጀመሩልኝ። የሚፈሩት ግን ትንፋሼን ነበር። ነርሶቹ በየጥቂት ሰዓቱ እየመጡ በአንድ ትንፋሽ ቁጠር ይሉኛል። በአማርኛ ልቁጠር ወይ አልኳት አንዷን። በፈለግከው ቁጠር፣ ብቻ መሃል ላይ ቋንቋ አትቀይር አለችኝ።

ሰኞ ሠላሳ አንድ ደረስኩ። ማክሰኞ ሃያ ሁለት። ረቡዕ ጠዋት አሥራ ሦስት። ረቡዕ ምሳ ሰዓት፣ ስምንት።

ዶክተር ሊን ተመልሳ መጣች።

«መተንፈሻ ማሽን ላይ ልናደርግዎ ነው። አቅም እስኪያጡ ጠብቀን በጥድፊያ ከምናደርገው አሁን ተረጋግተን ብናደርገው ይሻላል።»

እሺ አልኩ። ሙሉ እጄን ይዛ ነበር። መያዟን አየሁ እንጂ አልተሰማኝም። አስተኙኝ።

ስነቃ ጉሮሮዬ ውስጥ ቱቦ አለ። እጄ አይንቀሳቀስም። እግሬ አይንቀሳቀስም። አንገቴም። ከንፈሬ ወድቋል። ዓይኔን ብቻ ወደ ላይና ወደ ታች ማድረግ እችላለሁ። ማሽኑ ይተነፍስልኛል። ጣሪያው ላይ ሃያ አራት ካሬ ሰሌዳ አለ። ቆጠርኳቸው። እንደገና ቆጠርኳቸው።

እግሬ ይቃጠል ነበር። ይህን ማንም አያውቅም። ሽባ የሆነ እግር የሚያም አይመስልም። ግን ከጉልበቴ በታች እሳት ላይ የተጣደ ያህል ነበር። አንሶላው ሲነካው ይብሳል። ነርሶቹ በደግነት አንሶላውን ያስተካክሉልኛል። እንባዬ ይወርዳል። ያዘንኩ መስሏቸው ያባብሉኛል።

ጠያቂ ይመጣል። ከጠያቂዎቹ አንዷ፣ ስሟን አልጠራም፣ በጎ አሳቢ ሴት ናት፣ አልጋዬ አጠገብ ቆማ ለሙሉ በሹክሹክታ መናገር ጀመረች። ሬሳ አገር ቤት ለመላክ ብዙ ወረቀት እንደሚያስፈልግ፣ ከአሁኑ ቢጀመር እንደሚሻል። እኔ እሰማለሁ። አንድ ቃል አላመለጠኝም። ሙሉ ሴትዮዋን በክንዷ ይዛ ወደ ኮሪደሩ አወጣቻት። ስትመለስ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አለች።

«ሰምተሃል አይደል?» አለችኝ።

ዓይኔን ወደ ላይ አደረግሁ።

«እንግዲያው ይህንንም ስማ። የትም አትሄድም።»

ሆስፒታሉ መናገር ለማይችል ሰው የእንግሊዝኛ ፊደል ያለበት ሰሌዳ ነበረው። ነርሷ ፊደል በፊደል እየጠቆመች ስትሄድ የሚፈለገው ላይ ዓይኔን አነሳለሁ። እንግሊዝኛው ጠፍቶኝ አይደለም፤ ግን በዚያ ድካምና በዚያ መድኃኒት ውስጥ ቃሉ የሚመጣልኝ በአማርኛ ነበር፤ የላክሁት ፊደል ተገጣጥሞ ለነርሷ ትርጉም አይሰጥም። ሙሉ ነገሩ ሲገባት ቤተ ክርስቲያን ልጆች ከሚማሩበት ክፍል አንድ ትልቅ የፊደል ገበታ ለምና አመጣች። ጣቷን ከሀ ጀምራ ወደ ታች ትወስዳለች፣ መስመሩ ላይ ስትደርስ ዓይኔን አነሳለሁ፤ ከዚያ ወደ ጎን ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ትሄዳለች፣ እንደገና አነሳለሁ።

መጀመሪያ የተጠቀመችበት ግን ቤዛ ናት። ሙሉ ምሳ ልትበላ ወርዳ ነበር። ቤዛ ልጅ ሳለች ፊደል እንድትማር አስገብተናት፣ ስፖርት አለብኝ ብላ ሩቅ ሳትሄድ አቋርጣዋለች። አሁን የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ሆና ገበታውን ጉልበቷ ላይ አቁማ በጣቷ ትወርዳለች። የተገኘውን ፊደል ወረቀት ላይ እያየች ትስለዋለች፤ መጻፍ ሳይሆን መሳል ነበር። ሦስት ሆኑ። ጮክ ብላ አነበበቻቸው።

«እ። ግ። ሬ።» አንድ ላይ ገጠመቻቸው። «እግሬ። ዳዲ፣ እግርህ ምን?»

ደግሞ ሦስት ፊደል ሰጠኋት። ነደደ። ቃሉን አታውቀውም። ስልኳን አንስታ ለእናቷ ደወለች፤ ነደደ ማለት ምንድን ነው ብላ ጠየቀች። ሙሉ ከታች ምሳዋን ትታ እየሮጠች መጣች። በዚያው ሰዓት ለዶክተር ሊን ተነገራት፤ ጋባፔንቲን የሚባል የነርቭ ሕመም ማስታገሻ አዘዘች፣ አንሶላው እግሬን እንዳይነካ ከላይ የሚያነሳ ደጋፊ አስደረገች። በማግስቱ ከታመምኩ ወዲህ የመጀመሪያውን እውነተኛ እንቅልፍ ተኛሁ።

ማሽኑ ላይ ሁለት ሳምንት ሊሞላኝ ሲል፣ እስከ ሰኞ ካልተላቀቅሁ አንገቴ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አድርገው ቱቦውን በዚያ እንደሚያስገቡ ነገሩን። ትራኪዮስቶሚ ይባላል። ሙሉ ፈራች። እኔ በገበታው እሺ አልኩ። ቅዳሜ ጠዋት ግን የግራ ትከሻዬ ትንሽ ተነሳ። እኔ ያነሳሁት አልመሰለኝም። ነርሷ ድገመው አለችኝ። ደገምኩት። እሑድ ማሽኑን እየቀነሱ ሞከሩኝ፣ ቻልኩ። ሰኞ ቱቦው ወጣ። ድምፄ የተሰነጠቀ ሸክላ ይመስል ነበር።

«ሬሳዬን የትም አትላኩ» አልኳት ሙሉን።

ሳቀች። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ብዙ አለቀሰች። ያ ሁሉ ሲሆን ስታለቅስ አላየኋትም ነበር።

ከኦክላንድ ወደ ሳን ሆዜ የማገገሚያ ሆስፒታል በአምቡላንስ ወሰዱኝ፤ ከቤዛ ቤት የአሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ ስለነበር ሙሉ እዚያው እሷ ጋ አድራ በየቀኑ ትመጣለች። ሰባት ሳምንት ተኛሁ። ሕመሙ ሲይዘኝ ከእጅና ከእግር ጣቶቼ ተነስቶ ወደ ላይ እንደ ወጣ፣ ሲለቀኝ ከላይ ወደ ታች ነበር የወረደው፤ መጀመሪያ ፊቴ፣ አንገቴና ትከሻዬ፣ እጄና እግሬ በመጨረሻ። ማንኪያ አፌ ለማድረስ አሥር ቀን ፈጀብኝ። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት ለሰው ስመክርበት ኖሬአለሁ፤ ዕንቁላሉ ስንት ወር እንደፈጀበት ግን የነገረኝ አልነበረም።

የእጅ ሥራ ቴራፒስቴ ካርመን የምትባል ሴት ነበረች። ባቄላ ከአንድ ሳህን ወደ ሌላ ታስለቅመኛለች። በሁለተኛው ሳምንት፣ ከመታመምህ በፊት እጅህ ምን ይሠራ ነበር ብላ ጠየቀችኝ። ካርታ ይሥል ነበር አልኳት። ሙሉ ከጎኔ ሆና፣ ለምን አትነግራትም፣ ኩዊልት ይሰፋል አለች። ካርመን ባቄላውን ወዲያ አደረገችው። ጨርቅ አምጡልኝ አለች።

ጨርቁን ያመጡት ሚስ ኦፓል ናቸው። ከኦክላንድ በባቡር መጥተው፣ ከጣቢያው አውቶቡስ ይዘው፣ ወፍራም ጨርቅ፣ ጫፉ ደነዝ የሆነ ትልቅ መርፌና የሱፍ ክር የሞላ ቦርሳ ተሸክመው ክፍሌ ገቡ። አልጋዬን ዞረው ካዩኝ በኋላ ስለ ጅምሩ ኩዊልት ነገሩኝ። ለቤዛ አልጋ የሠራሁት ነበር፤ የቀረው ጠርዙ ብቻ ነው። ሙሉ የደሙን ነጠብጣብ በቀዝቃዛ ውኃ አጥባ ለላይብረሪው ቡድን ወስዳላቸው ኖሯል፤ ሴቶቹም ተከፋፍለን በአንድ ከሰዓት እንጨርሰው ብለው ነበር። ሚስ ኦፓል ከለከሉ።

«እኔ ከጨረስኩት አንተ አትመለስም ማለቴ ነው» አሉኝ። «እንደዚያ አላልኩም። ስለዚህ እየጠበቀህ ነው።»

በእርሳቸው ዕድሜ ይህን ያህል መንገድ ለእኔ ብለው መምጣታቸው አሳፈረኝ። በማግስቱ ካርመንን ባቄላው ይቅርና መርፌውን ስጪኝ አልኳት። መርፌው ወደቀ። አነሳችልኝ። ወደቀ። በዚያ ቀን ሦስት ጊዜ ብቻ ጨርቁ ውስጥ አሳለፍኩት፤ ስፌቱ አንዱ ከሌላው የጣት ርዝመት ይራራቃል። ግን መርፌውን ስገፋው አውራ ጣቴ ላይ የሆነ ነገር ተሰማኝ። ሕመም አይደለም፤ ከወፍራም ጓንት በላይ እንደሚነካ ነገር። ለሙሉ ስነግራት እስቲ የትኛው ጋ ብላ ጣቴን ደጋግማ ጨመቀችው።

ግርማ ሐሙስ ሐሙስ እየመጣ ይጠይቀኝ ነበር። አንድ ሐሙስ ሳይደውል ቀድሞ መጣና ጨርቁ ጭኔ ላይ፣ መርፌው እጄ ላይ እንዳለ አገኘኝ። የምደብቅበት እጅ አልነበረኝም። ሁሉንም ነገርኩት፤ ጋራዡን፣ ሦስት ዓመቱን፣ ድሪቶውን። አልሳቀም። ስልኬ ላይ ያሉትን ሥራዎቼን አንድ በአንድ አየና መነጽሩን አውልቆ፣ እነዚህ ጫፎች መሃል ላይ ሳይዛነፉ እንዴት ነው የሚገጥሙት ብሎ ጠየቀኝ። ስገልጽለት ብዙ ቆየን። ከዚያ ክሩ አለቀብኝ። እኔ ክሩን ዓይኔ ያየዋል፣ ጣቴ አይዘውም። ግርማ ጣቱ ደህና ነው፣ ዓይኑ ግን ካታራክት የሚሉት የዓይን ሞራ ስላለበት ቀዳዳውን አያየውም። ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ላይ፣ አለፍከው እያልኩ አስገባነው። ሁለት ጡረተኛ ባለሙያዎች ተደምረን አንድ ልብስ ሰፊ ሆንን። ከዚያ በኋላ ሐሙስ የክር ቀን ሆነ፤ እሱ ለሳምንቱ የሚበቃ መርፌ ሁሉ ክር አስገብቶልኝ ስፖንጅ ላይ ሰክቶልኝ ይሄድ ነበር። ከልጅነታችን ጀምሮ ያልተጨዋወትነውን ያኔ ተጨዋወትን።

ቤቴ ዎከር በሚሉት ባለ አራት እግር መደገፊያ እየተደገፍኩ ገባሁ። የዎከሩ ዘመን ሁለት ወር ነበር፣ ከዚያ ከዘራ። ድካሙ ግን ከእግሬም ከእጄም ይበልጥ ያስቸገረኝ ነገር ነው። ጠዋት ደህና የሆንኩ መስሎኝ ሳህን ካጠብኩ፣ ደረጃ ከወጣሁ፣ ከሰዓት በኋላ መናገር እስኪያቅተኝ ይጥለኛል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ቤት በገባሁ በሦስተኛው ወር ያለ ሐኪም ፈቃድ ኮረብታ ልውጣ ብዬ ድካሙ አንድ ሳምንት አልጋ ላይ መለሰኝ።

ጠርዙን የጨረስኩት በታመምኩ በሰባተኛው ወር ነው። መጀመሪያ ስጨርሰው ከሕመሜ በፊት የሰፋሁት ጎን ጥቃቅንና ቀጥ ያለ፣ በኋላ የሰፋሁት ደግሞ የተራራቀና የተንጋደደ ሆነ። ያየው ሰው ሁሉ እንዳለ ተወው፣ የሕመምህ ታሪክ ነው አለኝ። ቤዛም እንደዚያው አለች። እኔ ግን ፈታሁት። ብርድ ልብስ የሚታጠብ ነገር ነው፤ የተራራቀ ስፌት ሦስት ጊዜ ሲታጠብ ይተረተራል። ፈትቼ እንደገና ሰፋሁ፤ አሁንም አልወደድኩትም፣ እንደገና ፈታሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ጊዜ ከስፌቱ ይልቅ መፍታቱ ደስ ብሎኛል። ቀጭን የመተርተሪያ ጫፍ አንድ ክር ሥር አስገብቶ ጨርቁን ሳይነካ መበጠስ ጤነኛ ጣት የሚሠራው ሥራ ነው። ሦስተኛው ስፌት በቃኝ። ሚስ ኦፓል ዙሪያውን በጣታቸው እየዳሰሱ ዞሩትና ምንም ሳይሉ አጣጥፈው ሰጡኝ። ከእርሳቸው ዘንድ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

አሁን ሁለት ዓመት ሆኖኛል። የእጄ ጣቶች ሁሉ ይሰማቸዋል። የእግሬ ጣቶች ዛሬም ይደነዝዛሉ፤ በባዶ እግሬ አልሄድም፣ ጫማ ከማድረጌ በፊት ውስጡን በእጄ እዳስሳለሁ። ከሰዓት በኋላ እተኛለሁ። ይኸው ነው የቀረብኝ። ግርማ ካታራክቱን ኦፕሬሽን ተደርጎ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሳን ሆዜ ላይብረሪው ድረስ እየነዳ ይመጣል፤ ኮከቡ ገና አልገጠመለትም፣ ስህተቱ ግን ከጨርቁ ነው ይላል።

እንግዲህ ምክሬን ልናገር። እጅና እግር በሁለቱም በኩል ሲደነዝዝ፣ በተለይ ቀን በቀን ወደ ላይ ሲወጣ፣ አፖይንትመንት አይጠበቅም። ኢመርጀንሲ ይሂዱ፣ መራመድ ካቃተዎ አምቡላንስ ይጥሩ፣ በቅርብ ሆድዎን ታመው ወይም ጉንፋን ይዞዎት ከነበረ ሳይጠየቁ ይናገሩ። እኔ ስፌቱን፣ ወንበሩን፣ ዕድሜዬን ተጠያቂ ሳደርግ ሁለት ቀን አባክኛለሁ። አስታማሚ ከሆኑ ደግሞ የማይንቀሳቀስ ሰው አይታመምም ብለው አያስቡ፤ ያምሃል ወይ ብለው ይጠይቁት፣ የሚመልስበትን መንገድ በቋንቋው ያብጁለት። አጠገቡ ቆመው የሚናገሩትን ሁሉ እንደሚሰማ ይቁጠሩ። የሚወደው የእጅ ሥራ ካለም፣ ሹራብ ይሁን ጥልፍ ይሁን የእንጨት ሥራ፣ ለቴራፒስቱ ይንገሩ። አይፈሩ፣ አያፍሩበትም።

አምላኬን አመሰግናለሁ። ሙሉንና ቤዛን በዚህ ጽሑፍ አመስግኜ አልጨርሳቸውም። በየሁለት ሰዓቱ እየመጡ ያገላብጡኝ የነበሩትን ነርሶች የአብዛኞቹን ስም አላውቅም፤ አንዷ ግን መልስ እንደማልሰጣት እያወቀች፣ ጌታዬ፣ አሁን ወደ ቀኝ ላዞርዎ ነው ሳትል ነክታኝ አታውቅም። የዚያን መድኃኒት አንቲቦዲ የለገሱትን ሰዎችም አላውቃቸውም። የብዙ ሰው ደም በእኔ ውስጥ አልፏል። የት እንዳሉ ባውቅ በየቤታቸው ሄጄ እጅ እነሣ ነበር።

አሁን አልጋ ላይ ሆነው ይህ ጽሑፍ የሚነበብልዎ ሰው ከሆኑ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ሐኪሞቹ ፕላቶ የሚሉት ጊዜ አለ። ምንም አይነሳም፣ ምንም አይመለስም፣ ቀኑ ከትናንቱ ጋር አንድ ነው። እኔ ተስፋ የቆረጥኩት ያን ጊዜ ነበር። በኋላ ዶክተር ሊንን ጠየቅኋት፤ በዚህ በሽታ መባሱ ሲቆም ብዙ ጊዜ ቀጥሎ የሚመጣው መመለስ ነው አለችኝ። ዛሬ ከትናንት ካልባሰብዎ፣ የመጀመሪያው ደህና ዜና እሱ ነው። እኔ ጣሪያ እየቆጠርኩ ስተኛ ይህን የነገረኝ አልነበረም። ለእርስዎ ነገርኩዎ።